ከዕቃ ቤት የወጣው መኪናና «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን

(በፍኖተ ሰላም፥ በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ አባሎች የተነበበ ንግግር)



በዕድሜም በዕውቀትም ከእኛ የበለጡ ሰዎች በተሰበሰቡበት በዚህ አዳራሽ ቆመን ለመናገር መድፈራችን አዋቂዎች ነን ብለን አይደለም። በዓሉ ሲቃረብ የክበባችን አባሎች የተማሪ ቤቱን ዕቃ ቤት እንድናጸዳ ታዘን ነበርና፥ በዚያ ያገኘነው ነገር ያስተማረንን ለእናንተ ለማካፈል ብለን ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ያስከተለብን ጥያቄ ግን ትንሽ አይደለም። በትዕግሥት እንድታዳምጡን በትሕትና እንለምናለን።

ዕቃ ቤቱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፥ ቀለማቸው የለቀቀ ጥቁር ሰሌዳዎች፥ ክዳን የሌላቸው ሣጥኖች እስከ ጣሪያው ድረስ ተከምረውበታል። ከዚያ ሁሉ በታች አቧራና የሸረሪት ድር የሸፈነው አንድ የእንጨት ነገር ተጋድሞ አገኘን። በመጀመሪያ የተሰበረ ቃሬዛ መሰለን። ጎትተን ወደ ብርሃን ስናወጣው ግን ከበታቹ ሦስት ትናንሽ የብረት ጎማዎች ነበሩት፤ ወዲያውም ከመካከላችን አንዱ «ኩሽኔታ ነው!» ብሎ ጮኸ።

ኩሽኔታ ምን እንደ ሆነ ለልጆች መንገር አያስፈልግም። ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ ድረስ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከከባድ መኪና ጎማ ውስጥ ተበልቶ የወጣ ኩሽኔታ ለሾፌሩ የሚጣል ብረት ነው፤ ለልጅ ግን የመኪና ጎማ ነው። ሁለቱን ከኋላ፥ አንዱን ከፊት በጣውላ ላይ አስሮ ቁልቁለት ይፈልጋል፤ ከዚያም እሽቅድድም ይጀመራል። በዚህ ምክንያት ስንት ሱሪ እንደ ተቀደደና ስንት ጉልበት እንደ ተላጠ እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያስታውሳሉ።

ያገኘነው ግን እኛ በሰፈር ከምንሠራው ሁሉ የተለየ ነበር። ወለሉ የዋንዛ ጣውላ ሲሆን ርዝመቱ አንድ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ያህል ነው። አፍንጫው አየሩን እንዲሰነጥቅ ተብሎ ሾል ብሎ ተጠርቧል። ከፊት ያለው አግዳሚ እንጨት በአንድ ትልቅ ቡሎን ተይዞ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዞራል፤ ከሁለቱ ጫፎቹም መሪ ሆኖ የሚያገለግል ገመድ የታሰረበት ቀዳዳ አለ። በቀኝ በኩል ጫፉ ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ የተቸነከረበት ዱላ አለ፤ ይህም ሲሳብ መሬቱን እየጫነ የሚያቆም ፍሬን ነው። በጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈ የ«፯» ቍጥር ደብዝዞ ይታያል። የእሽቅድድም መኪና ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገንም። እንጨቱን ገልብጠን ብናየው ግን የሠሪው ስም የለበትም።

እውነቱን ለመናገር፥ የሠሪውን ስም ከመፈለጋችን በፊት መንዳት አማረን። አቧራውን ጠረግን፤ በኩሽኔታዎቹ ላይ ዘይት አፈሰስን፤ በጣታችንም ስንመታቸው እየጮኹ ዞሩ። በክፍል እንደ ተማርነው ኩሽኔታ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ኳሶች የተደረደሩበት ነው፤ ብረት በብረት ላይ ከሚፋተግ ይልቅ ኳሶቹ ስለሚንከባለሉ ሰበቃው እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ዕድሜው ምንም ቢረዝም ዝገቱ ካልበላው እንደ ገና ይሠራል። አዲስ ገመድ አስረን መኪና ወደማያልፍበት ቁልቁለት ወሰድነው። ከእኛ ቀላል የሆነው ጓደኛችን ተቀመጠበት፤ እኛም ገፋን። እስከ መጀመሪያው ማጠፊያ ድረስ እንደ ነፋስ ሄደ። እዚያ ሲደርስ የፊተኛው እንጨት እንደ ወባ በሽተኛ ተንቀጠቀጠ፤ መሪው ከነጂው እጅ አመለጠና መኪናው ተገለበጠ። ጓደኛችን ክርኑ ተላጠ፤ እኛም ደነገጥን። በሁለተኛው ቀን ቡሎኑን አጥብቀን ሞከርን፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ መሪው አልዞር ብሎ በቀጥታ ወደ ጉድጓድ ገባ። ብናላላው ይንቀጠቀጣል፤ ብናጠብቀው አይዞርም። ይህን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንመረምር ቆየን፤ መልስ ግን አላገኘንም።

ከዚያ በኋላ ነው ሠሪዎቹን መፈለግ የጀመርነው። ለዘበኛው ነገርን፤ ዘበኛው ለአንድ የድሮ ተማሪ ነገሩ፤ ወሬው ከሰው ወደ ሰው እየተላለፈ ቡሬ ደረሰ። በቡሬ፥ ወደ ነቀምቴ በሚታጠፈው መንገድ አጠገብ በአንድ ጋራዥ የሚሠሩ፥ ልጃቸውም ከእኛ ጋር የሚማር አንድ አባት «ቀይ ሰባት ቍጥር አለበትን?» ብለው ጠየቁ አሉን። በማግስቱ ጠዋት መኪናውን በጋሪ ጭነን ወደ እርሳቸው ሄድን።

ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወጡ፤ መኪናውንም አይተው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥሎ ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን በወለሉና በፊተኛው አግዳሚ እንጨት መካከል አስገቡና «ልጆቼ፥ ቆዳው የታለ?» አሉን። እኛ ግን የምን ቆዳ እንደ ሆነ እንኳን አላወቅንም።

ነገሩን እንዲህ አድርገው አስረዱን። የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ፥ በዚህ ተማሪ ቤት ሲማሩ፥ ሦስት ጓደኛሞች ሆነው መኪናውን ሠሩት። እንደ እኛው እነርሱም መጀመሪያ ሲነዱት በማጠፊያው ላይ ተገለበጡ፤ አንደኛው እንዲያውም የፊት ጥርሱን አጣ። ጥርሱን ያጣው ልጅ ግን ነገሩን አልተወውም። ከበሬ ቆዳ እንደ ትልቅ ሮንዴላ ክብ አድርጎ ቆረጠ፤ ሞራ ቀባና በሁለቱ እንጨቶች መካከል አስገባው። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቆዳው ይጨመቃል፤ ስለዚህ እንጨቱ አይንቀጠቀጥም፤ ሞራው ስላለሰለሰው ደግሞ መሪው ይዞራል። በዚያ ዓመት በእሽቅድድም የቀደማቸው አልነበረም። ቆዳውን ግን በዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ በልቶት ኖሯል። ጋሼ ይህን ሲነግሩን ከአሮጌ ቀበቶ ላይ ክብ ቁራጭ ቆረጡ፤ ግሪስ ቀቡና አስገቡት። በዚያው ቀን መኪናው ማጠፊያውን እንደ ውኃ ፈስሶ አለፈ።

«ጋሼ፥ ይህን ለምን በወረቀት አልጻፋችሁትም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ማን ይጠይቀናል ብለን?» አሉን። ከሦስቱ ሠሪዎች አንደኛው ከአገር ርቆ ይኖራል፤ ቆዳውን ያሰበው፥ ጥርሱን ያጣው ጓደኛቸው ግን በሕይወት እንደሌለ ነገሩን። እኛ መኪናውን ከነሙሉ አካሉ ይዘን፥ ሁለት ሳምንት ስንመረምር ኖረን ያላገኘነውን ነገር ያሰበው ሰው፥ ስሙ በየትም ሳይጻፍ ሞተ። ወደ ፍኖተ ሰላም ስንመለስ በመንገዱ ሁሉ የተነጋገርነው ይህንኑ ነበር።

ይህንን ለፊዚክስ መምህራችን በነገርናቸው ጊዜ «እናንተ ያገኛችሁት ትንሹን ነው፤ አገራችን ደግሞ ትልቁን በቅርቡ አግኝታለች፤ ስለ እርሱ አንብቡ» አሉን። እኛም አነበብን። ያ ትልቁ ነገር «ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን ናት።

የመጀመሪያው አይሮፕላን በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ እርሱም በፈረንሳይ አገር የተሠራ ፖቴዝ 25 ነበር። ወዲያው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በጀርመን አገር የተሠራ ዩንከርስ ተከተለው። ብዙም ሳይቆይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። የመብረር ትምህርት በዚህ ፍጥነት ገባ። መሥራትስ? እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1935 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በአዲስ አበባ አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ሠራ። «ኢትዮጵያ 1» ተባለች፤ በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስምም «ፀሐይ» ተብላ ተጠራች። በአገራችን የተሠራች የመጀመሪያዋ አይሮፕላን እርሷ ናት።

ስሟን የተዋሰችላት ልዕልትም ልትታወስ ይገባታል። በ1912 ዓ.ም. ተወልዳ በስደት ዘመን በለንደን ከተማ የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማረች፤ ከነጻነት በኋላ ወደ አገሯ ተመልሳ ገና በወጣትነቷ በ1934 ዓ.ም. አረፈች። በአዲስ አበባ በስሟ ሆስፒታል ቆሞላት ነበር። የንጉሥ ልጅ ሆና በእጇ የሚሠራ ሙያ መማሯ፥ በእጅ ለተሠራች አይሮፕላን ስሟን መስጠቱን የተገባ ያደርገዋል ብለን እናስባለን።

አይሮፕላን በአዲስ አበባ መሥራት በባሕር ጠረፍ ከመሥራት ይልቅ ከባድ ነው። ከተማዪቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየርዋ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ ጕልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት ነገር ያንሰዋል፤ ስለዚህ አይሮፕላኗ ከመሬት ለመነሣት ረጅም መንገድ መሮጥ አለባት። ይህ ሁሉ ሳለ «ፀሐይ» በረረች። በአንድ አገር በዓመታት ሙከራ የሚደረስበትን ነገር፥ የመጀመሪያው አይሮፕላን በገባ በስድስት ዓመት ገደማ በአዲስ አበባ የነበሩ እጆች ሠርተውት በረረ።

ነገር ግን ዕድሜዋ በአገሯ ላይ አጭር ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ድንበራችንን አልፎ ወረራ ጀመረ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። «ፀሐይ»ም ተማረከችና ወደ ኢጣሊያ ተወሰደች። ከዚያ በኋላ ከሮማ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፥ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የኢጣሊያ አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ የምርኮ ዕቃ ሆና የብዙ አገር ጎብኝ ተመለከታት። የሠሯት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን ሊያዩዋት አልቻሉም።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የጎጃምን ታሪክ ማንሣት ግድ ይሆንብናል። «ፀሐይ» በባዕድ አገር ሳለች ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት የተመለሱት በእኛው ምድር በኩል ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ፤ ከዚያ በበለያ ተራራ በኩል ወደ ቡሬ የመጣው ጉዞ ግን በአይሮፕላን ወይም በመኪና የተመካ አልነበረም። ካሚዮኖቹ በቁጥቋጦውና በሸለቆው ውስጥ እየተሰበሩ ቀሩ፤ ስንቁንና ጥይቱን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ሺህ ግመል ደግሞ አብዛኛው በደጋው ብርድና በድካም አለቀ። የኢጣሊያ ጦር በየካቲት ወር ቡሬን ለቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ፤ አርበኞችም ከመንገዱ ግራና ቀኝ እየተከታተሉ መቱት። አያቶቻችን ይህን በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። ካሚዮን በተሰበረበት ስፍራ የተሰበረውን የሚጠግን እጅና መለዋወጫ ካልተገኘ፥ ሞተር ከግመል አይሻልም፤ ያ ጉዞ ይህን በግልጥ ያሳያል።

ወደ «ፀሐይ» እንመለስ። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢጣሊያ መንግሥት «ፀሐይ»ን ለኢትዮጵያ በይፋ አስረከበ። ከተሠራች ሰማንያ ስምንት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። ከዚህ በፊት በ1929 ዓ.ም. የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሟል። የሐውልቱ መመለስ የአባቶችን ክብር መለሰ፤ የ«ፀሐይ» መመለስ ግን ለእኛ ለተማሪዎች ሌላ ነገርም ተናገረን። ሐውልቱ «አባቶቻችሁ ሠርተዋል» ይላል፤ «ፀሐይ» ደግሞ «አያቶቻችሁ ሞተር ባለው ዘመን፥ እናንተ በምትማሩት ሳይንስ ሠርተዋል» ትላለች።

በክበባችን ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ክርክር ተነሥቶ ነበርና እንዳንደብቃችሁ። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «መሐንዲሱ ጀርመናዊ ነው፤ ሞተሩም ከውጭ የመጣ ነው፤ ታዲያ የእኛ የሚባለው ምኑ ነው?» አሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ሐሰት ጨምሮ መኩራትም ለማንም አይጠቅምም። ሌሎቹ ግን በዕቃ ቤት ያገኘነውን መኪና አመለከቱ። በዚያ መኪና ላይ ያሉት ኩሽኔታዎች በፍኖተ ሰላም አልተሠሩም፤ ከውጭ አገር ከመጣ ካሚዮን የወጡ ናቸው። ቡሎኑም እንዲሁ። ነገር ግን መኪናውን መኪና ያደረገው ቁራጭ ቆዳው ነው፤ ቆዳው ደግሞ የአንድ የጎጃም ልጅ አሳብ ነው። በዓለም ላይ ያለ ማናቸውም አይሮፕላን ወይም መኪና ከብዙ አገር በመጣ ዕውቀት የተሠራ ነው። የእኛ የሚባለው፥ ሲሠራ የገጠመንን ችግር በእኛው አእምሮ የፈታንበት ክፍል ነው።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር ይህ ነው። «ፀሐይ» ተመልሳለች፤ የ«ፀሐይ» ቆዳ ግን የት አለ? በብዛት በሚነገረው ታሪኳ ውስጥ የመሐንዲሱ ስም አለ፤ የልዕልቲቱም ስም አለ። ከመሐንዲሱ ጋር ሌት ተቀን የደከሙት ሰዎች ግን «ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ» ተብለው በሁለት ቃል ይታለፋሉ። በየትኛው ጠዋት የቱ ነገር አልገጥም ብሎ አስቸገራቸው? በምን ዘዴ አስተካከሉት? አካሉን በሙዚየም አቁሞ መመልከት ይህን አይናገርም። እኛም መኪናውን ሁለት ሳምንት አቁመን ተመለከትነው፤ ጋሼ ጣታቸውን እስኪያስገቡ ድረስ ግን አልተናገረንም።

ይህ ነገር በአገራችን የመጀመሪያው አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ አቋቁመው፥ በአውሮፓውያን ሠራተኞችና በአገሬው እጅ «ሴባስቶፖል» የተባለውን ወደ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ አስፈስሰው ነበር። መንገድ እየተጠረገለት፥ ብዙ ሕዝብ በገመድ እየጎተተው እስከ መቅደላ ተወሰደ። ከ1860 ዓ.ም. የመቅደላ ጦርነት በኋላ አውሮፓውያኑ ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ፤ የጋፋት ምድጃም ቀዘቀዘ። ብረቱ ከባድ ስለ ሆነ በመቅደላ ቀረ፤ ዕውቀቱ ግን ቀላል ነበርና ከሰዎቹ ጋር ሄደ።

ከ«ፀሐይ» ሰማንያ ዓመት በኋላ ደግሞ በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለ ኢትዮጵያዊ ወጣት በገዛ እጁ የሠራትን አንዲት ትንሽ አይሮፕላን ለማብረር ሞከረ። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በቁመቱ ምክንያት ሳይቀበሉት የቀረ፥ የጤና ትምህርት የተማረ ሰው ነው። ሥራውን ከመጻሕፍትና በኢንተርኔት ከሚታዩ ፊልሞች ለብዙ ዓመታት ተማረ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት፤ «ኬ» ከእናቱ ከኪሮስ ስም የተወሰደ ሲሆን 570 ደግሞ ሥራው የፈጀበት ቀን ቍጥር ነው። በመጀመሪያው ሙከራ ሳትነሣ ቀረች። እኛ ግን አንዲት ነገር አሳዘነችን፤ ያም ያለመነሣቷ አይደለም። መጀመሪያ የሠራ ሰው ሁሉ ይወድቃልና። ያሳዘነን፥ ከሰማንያ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ አይሮፕላን ሠርተው ያበረሩ ሰዎች ሳሉ፥ ይህ ሰው ከእነርሱ ገጽ የሚጀምርበት ደብተር አጥቶ ከባዶ መጀመሩ ነው። ለእናቱ ስም ያስቀመጠው ፊደልና የቀኑ ቍጥር ግን ትልቅ ምስጋና ይገባዋል፤ ማን እንደ ረዳውና ምን ያህል እንደ ፈጀበት በአይሮፕላኗ ስም ላይ ጽፎ አስቀምጧልና።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደ ያዘው አንድ ምሳሌ እንስጥ። በአሜሪካ አገር፥ በኦሃዮ ግዛት፥ በዴይተን ከተማ አንድ የጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ልጆች ያለ ሞተር በቁልቁለት ላይ የሚነዱትን፥ ልክ የእኛን ኩሽኔታ የመሰለ መኪና ሲሽቀዳደሙበት አየ። በ1934 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የመላው አገር ውድድር ተደረገ፤ በሚቀጥለው ዓመት፥ «ፀሐይ» በተሠራችበት በዚያው ዓመት፥ ውድድሩ ወደ አክሮን ከተማ ተዛወረ። እነዚያ ልጆች ከእኛ ልጆች አይበልጡም ነበር። ልዩነቱ የመጣው ትልልቆቹ ጨዋታውን በቁም ነገር ስለ ያዙት ነው፤ ደንብ ተጻፈለት፥ የመኪናው ክብደትና ልክ ተወሰነ፥ የአሸናፊዎቹም ስም ተመዘገበ። ስለዚህ የዘንድሮው ልጅ የአምናውን ልጅ ስሕተት ደግሞ አይወድቅበትም። የእኛ ሰፈር ልጅ ግን በየዓመቱ በዚያው ማጠፊያ ላይ ያንኑ ጥርስ ያጣል።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤ አቤቱታ ብቻ ይዘን አልመጣንም፤ የሠራነውንም እንናገራለን። የመኪናውን ልክ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ለክተን በሥዕል አነሣነው። ቆዳው የት እንደሚገባ፥ ስፋቱና ውፍረቱ ምን ያህል እንደ ሆነ፥ ምን ቢቀባ እንደሚሻል ጻፍን። ሁለት ጊዜ የወደቅንበትንም ምክንያት ሳንደብቅ ጻፍን፤ ምክንያቱም ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ከስኬታችን ይልቅ ውድቀታችን ይጠቅመዋል። የሦስቱንም ሠሪዎች ስም፥ በሕይወት የሌለውን አስቀድመን፥ ከቀዩ ሰባት ቍጥር በታች ጽፈነዋል። መኪናው ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆሟል፤ ስትወጡ አንብቡት።

ከመኪናው አጠገብ በጠረጴዛ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ አስቀምጠናል። በዚህ ተማሪ ቤት የተማራችሁ ሁሉ በእጃችሁ የሠራችሁት ነገር ካለ፥ የራዲዮ መጥለፊያም ቢሆን፥ የውኃ ጎማም ቢሆን፥ የከብት ማረሻ ማሻሻያም ቢሆን፥ የተሻለ ምድጃም ቢሆን፥ ከማን ጋር እንደ ሠራችሁት፥ የት ላይ እንዳስቸገራችሁና በምን እንደ ፈታችሁት እንድትጽፉልን እንለምናለን። መጻፍ የማይችል ቢኖር እርሱ ይንገረን፤ እኛ እንጽፋለን። ከየገጠሩ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች በተለይ አትለፉን። ቀንበር የሚጠርቡ፥ ሞፈር የሚያስተካክሉ፥ ሸማ የሚሠሩ፥ ብረት የሚቀጠቅጡ እጆች የሚያውቁት ብዙ ቆዳ አለ። ጥበበኛን በሙያው የመስደብ ክፉ ልማድ በአገራችን ብዙ ዕውቀት አስቀርቷል፤ ስሙን ለመናገር የሚያፍር ሠሪ ደብተር አይተውምና። በዚህ መዝገብ ውስጥ የአንጥረኛው ስምና የመሐንዲሱ ስም በአንድ መስመር ላይ እንዲጻፍ እንፈልጋለን።

ለጓደኞቻችንም አንድ ቃል አለን። ብዙዎቻችን ነገ ወደ ባሕር ዳር፥ ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። በሄድንበት ሁሉ አንድ ነገር ሠርተን ሳንጽፍ እንዳንሄድ አደራ እንባባል። «ማን ይጠይቀናል?» አንበል። አርባ ዓመት ቈይተው የሚጠይቁ ልጆች እንዳሉ እነሆ እኛ ምስክሮች ነን። ዘግይተን ጠየቅን፤ ከሦስቱ አንዱን አላገኘነውም።

የከተማችን ስም ትርጉሙ የሰላም መንገድ ማለት ነው። በሰላም መንገድ ላይ የሚሄድ ሁሉ ለሚከተለው ምልክት አድርጎ ያልፋል። ይህን ተማሪ ቤት ላቋቋሙት፥ ላስተማሩበትና በዚህ ቀን ላከበሩት ሁሉ እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ጋሼም ከቡሬ ድረስ መጥተው በመካከላችን ተቀምጠዋልና፥ ስለ ቆዳው ከልብ እናመሰግናቸዋለን።